ጎበዝ ልጅ ከወጣ በኋላስ?

(ባለፈው ቅዳሜ በቼዝ ክለባችን የልጆች ውድድር መክፈቻ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልመጡ ወላጆች እንዲያነቡት ስለተጠየቅኩ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ?

ድምፃችሁ አነሰብኝ። እንደምን አረፈዳችሁ?

እንዲህ ነው እንጂ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ወላጆች፣ የቅዳሜ ጠዋታችሁን ለልጆቻችሁ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ። ገበያ ያለበት አለ፣ ለቅሶ ያለበት አለ፣ አውቃለሁ። አሰልጣኞች፣ እናንተን ከልቤ አመሰግናለሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ በሁለት ታክሲ ተሳፍራችሁ ነው እዚህ የምትደርሱት። ልጆች፣ ጠጠሮቹን ለጊዜው ተዉአቸው። ብዙ አላቆያችሁም።

አዘጋጆቹ ስለ ቼዝ ጥቅም እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። አእምሮን ይስላል፣ ትዕግሥት ያስተምራል፣ ይህን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ባትሰሙ ኖሮ ልጆቻችሁን አታመጡም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ አገር ተጫዋቾች ላውራችሁ። ስለ ፊሊፒንስ ቼዝ ተጫዋቾች። ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ርቀት እንደሄዱ። ሁለተኛ፣ ከመካከላቸው ምርጡ ለምን አገሩን እንደለቀቀ። ሦስተኛው የእኛ ጉዳይ ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ለምን ፊሊፒንስ? እሺ፣ ከራሴ ልጀምር።

ዶሃ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። የምንኖርበት ካምፕ አንድ ክፍል ለስምንት ሰው ነው። ከእኛ ክፍል ፊት ለፊት የፊሊፒንስ ልጆች ይኖሩ ነበር። ዓርብ ዕረፍት ነው። ዓርብ ጠዋት እኛ ቡና ስናፈላ እነሱ ኮሪደሩ ላይ ካርቶን ያነጥፋሉ። የፍሪጅ ካርቶን ነው። 64ቱ ቤቶች በማርከር ተሰምረዋል፤ ጥቁሮቹ ቤቶች በሰያፍ መስመር ተሞልተዋል። ጠጠሮቹ ፕላስቲክ ናቸው። አንድ ጥቁር ፈረስ ጠፍቷል። በፈረሱ ቦታ የብሎን ዳዶ አስቀምጠዋል። ማንም ግራ አይገባውም። ዳዶው ፈረስ ነው፣ እንደ ፈረስ ይዘላል።

ከመካከላቸው አንድ ኤሌክትሪሺያን ነበረ። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ። ሁሉም "ኩያ" ይሉታል። ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እንደ እኛ ጋሼ። እኔም ኩያ እለው ነበር። አንድ ዓርብ አጠገባቸው ቆሜ ሳይ፣ ተቀመጥ አለኝ። ትምህርት ቤት እያለሁ በደንብ እጫወት ስለነበር ደስ አለኝ። ሃያ እርምጃ ሳንሄድ ንጉሤ መውጫ አጣ። ኩያ ጠጠሮቹን እያስተካከለ "ቶሬን ታውቀዋለህ?" አለኝ። አላውቀውም አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ጨዋታውን ትቶ ሌላ ጨዋታ በቃሉ መደርደር ጀመረ። ነጩን ካርፖቭ ነው አለኝ፣ ጥቁሩን ቶሬ። እያንዳንዷን እርምጃ ከነምክንያቷ አሳየኝ። ዳዶው ወደ መሀል ሲገባ ጣቱን ለአፍታ አላነሳም። ኮሪደሩ ላይ ሙቀቱ አርባ ዲግሪ አልፏል። እኔ ግን አልተሰማኝም።

እና ቶሬ ማን ነው?

ዩጂን ቶሬ በ1951 ኢሎኢሎ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1974 ፈረንሳይ ኒስ ላይ በተደረገው ኦሊምፒያድ፣ ማለትም አገሮች በቡድን በሚገጥሙበት የቼዝ ውድድር፣ ለአገሩ አንደኛ ቦርድ ላይ ተጫወተ። አንደኛ ቦርድ ማለት ከየአገሩ በጣም ጠንካራው የሚቀመጥበት ወንበር ነው። 19 ጨዋታ ተጫወተ። 9 አሸነፈ፣ 10 አቻ ወጣ። አልተሸነፈም። ልጆች፣ ስንት ተሸነፈ? አዎ፣ ዜሮ! በዚያ ወንበር የብር ሜዳሊያ ወሰደ፤ በቼዝ ከፍተኛ የሆነውን የግራንድማስተርነት ማዕረግም አገኘ። ዕድሜው 22 ነበር። ከእስያ የመጀመሪያው ግራንድማስተር ነው። ከህንድ በፊት። ከቻይና በፊት። ህንድ የመጀመሪያ ግራንድማስተሯን ያገኘችው በ1988 ነው። ቻይና በ1990። ፊሊፒንስ ህንድን በ14 ዓመት ቀድማታለች። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ኩያ ያሳየኝ ጨዋታ የ1976 ነው። ማኒላ ላይ አራት ሰዎች ብቻ የተካፈሉበት ውድድር ነበር። አናቶሊ ካርፖቭ የዓለም ሻምፒዮን ነው። ከዩጎዝላቪያ ሉቦዬቪች፣ ከአሜሪካ ብራውን፣ ከባለ አገሩ ቶሬ። ቶሬ በጥቁር ተጫውቶ የዓለም ሻምፒዮኑን ረታ። ውድድሩንም አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያው ዓመት ሮሴንዶ ባሊናስ የሚባል ሌላ ፊሊፒናዊ ኦዴሳ ሄዶ፣ የሶቪየት ተጫዋቾችን በገዛ አገራቸው በልጦ ውድድሩን አሸነፈ። ባሊናስ ጠበቃ ነው። ልብ በሉ፣ የአገሪቱ ሁለተኛ ግራንድማስተር የሙሉ ቀን እንጀራው ሕግ ነበር።

ከነሱም በፊት ነበሩ። በ1958 ዩጎዝላቪያ ውስጥ ፖርቶሮዥ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነበር። ሮዶልፎ ካርዶሶ የሚባል ፊሊፒናዊ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበር የተቀመጠው። በመጨረሻው ዙር የደረሰው ዴቪድ ብሮንስታይን ነው። ብሮንስታይን በ1951 የዓለም ሻምፒዮና ጨዋታውን 12 ለ12 የጨረሰ ሰው ነው። ካርዶሶ አሸነፈው። በዚያች ሽንፈት ብሮንስታይን በግማሽ ነጥብ ከማለፍ ቀረ። በደረጃ ሰንጠረዡ ታች ያለ ሰው እንደዚህ የሌላውን ዕጣ ይቀይራል። ልጆች፣ ነጥባችሁ ቢያንስም የመጨረሻውን ዙር አትተዉ!

ቶሬ በ1982 ሜክሲኮ ላይ ማጣሪያውን ከሃንጋሪው ፖርቲሽ ጋር እኩል አንደኛ ሆኖ አለፈ። የዓለም ሻምፒዮኑን ለመግጠም ከሚፎካከሩት ስምንት ሰዎች አንዱ ሆነ። በ1983 በሪብሊ 6 ለ4 ተሸነፈ። እዚያ ድረስ ነው የሄደው።

አሁን አንድ ታሪክ። ወላጆች፣ በተለይ እናቶች፣ ስሙኝ።

በዚያ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ አንድ የህንድ ቤተሰብ ማኒላ ይኖር ነበር። አባት የባቡር ሥራ ባለሙያ ነው። ልጁ ስምንት ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የፊሊፒንስ ቴሌቪዥን ቀን ቀን የቼዝ ፕሮግራም ያሳያል። በፕሮግራሙ መጨረሻ ጥያቄ ይቀርባል፣ መልሱን በትክክል ለላከ መጽሐፍ ይሸለማል። ልጁ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ነው። እናቱ ቁጭ ብላ ጥያቄውን ትጽፍለታለች። ማታ አብረው ይፈቱታል፣ ይልኩታል። መጽሐፍ ያሸንፋል። በሚቀጥለውም ያሸንፋል። በመጨረሻ አዘጋጆቹ ጠርተውት፣ የፈለግኸውን መጽሐፍ ሁሉ ውሰድ፣ ብቻ መልስ መላክ አቁም አሉት ይባላል።

ልጁ ማን ነው? ቪስዋናታን አናንድ። የህንድ የመጀመሪያው ግራንድማስተር፣ በኋላ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን።

እና ጥያቄዬ ይህ ነው። አናንድ ማኒላ ላይ ያንን መጽሐፍ ሲሸለም ፊሊፒንስ ቀዳሚ ናት። ቶሬ አላት፣ ባሊናስ አላት። በ1978 ካርፖቭና ኮርችኖይ የዓለም ሻምፒዮናውን እዚያው ፊሊፒንስ፣ ባጊዮ ከተማ ላይ ተጫውተዋል። ከ1982 እስከ 1995 የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ፊሊፒናዊው ካምፖማኔስ ነው። በ1988 ቡድናቸው በኦሊምፒያድ ሰባተኛ ወጥቷል። ዛሬስ? ህንድ ከ80 በላይ ግራንድማስተር አላት። በ2024 የቡዳፔስት ኦሊምፒያድ ላይ በወንዶችም በሴቶችም ወርቁን ወሰደች። ፊሊፒንስ ሃያ አልሞላችም። ምን ተፈጠረ? የፊሊፒንስ ልጆች አእምሮ ቀነሰ? አልቀነሰም! ማኒላ ሪዛል ፓርክ ውስጥ ዛሬም ቼዝ የሚጫወቱበት ራሱን የቻለ ቦታ አለ። ኩያን እኮ በዓይኔ አይቻለሁ። ካርቶን ላይ፣ በዳዶ!

እኔ እንደማምነው ልዩነቱ ደመወዝ ነው። ህንድ ውስጥ የመንግሥት ነዳጅ ኩባንያዎች፣ ሌሎችም መሥሪያ ቤቶች ጎበዝ ቼዝ ተጫዋች ቀጥረው ደመወዝ ይከፍላሉ። ልጁ ሠራተኛ ነው፣ ሥራው ግን ቼዝ ነው። እናቱ "ልጄ ምን ይበላል?" ብላ አታድርም። የፊሊፒንሱ ልጅ ግን ማዕረጉን ካገኘ በኋላ ጥያቄው ገና ይጀምራል።

ወደ ሁለተኛው ነገር መጣሁ። ዌስሊ ሶ።

ዌስሊ በ1993 ካቪቴ ውስጥ ባኮር በምትባል ቦታ ተወለደ። በ14 ዓመቱ ግራንድማስተር ሆነ። አሥራ አራት! እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጥሽው፣ አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው? አሥራ ሦስት? አያችሁ። በ2009፣ በ16 ዓመቱ፣ በዓለም ዋንጫ ታዋቂዎቹን ግራንድማስተሮች ኢቫንቹክንና ካምስኪን አከታትሎ አሰናበተ። ቤተሰቡ ወደ ካናዳ ሄደ፣ እሱ ግን አገሩ ቀረ። በዚያ ዕድሜ ብቻውን ኖረ። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለኝ። ማታ በልቶ መተኛቱን እስካሁን የማረጋግጠው እኔ ነኝ። ይህን ልጅ ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

በ2012 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ሰጠው፣ ሴንት ሉዊስ ሄደ። በ2013 ካዛን ላይ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ለፊሊፒንስ ወርቅ አመጣ። ደስታ መሆን ነበረበት። ግን ለዚያ ሜዳሊያ ሽልማት ይገባዋል አይገባውም በሚል አመራሮቹ ተጨቃጨቁ፣ ውድድሩ በሽልማት ሕጉ ውስጥ የለም ተባለ። በኋላ ፌዴሬሽኔን፣ ማለትም የምጫወትለትን አገር፣ ልቀይር ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። በ2014 በአሜሪካ ስም ተመዘገበ። ሚኔሶታ ውስጥ አንድ ቤተሰብ እንደ ልጁ ተቀበለው፣ የዚያ ቤት እናት ራሷ ድሮ በፊሊፒንስ የፊልም ተዋናይት የነበረች ናት። በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስ ላይ 100,000 ዶላር አሸነፈ፤ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ሙሉ በሙሉ ቼዝ ተጫዋች ሆነ።

ከዚያ ምን ሆነ? በ2017 በዓለም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። የአሜሪካ ሻምፒዮን በ2017፣ በ2020፣ በ2021። በ2019 የኋላ ረድፉ ጠጠሮች በዕጣ በሚደረደሩበት የፊሸር ቼዝ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ላይ የመደበኛውን ቼዝ የዓለም ሻምፒዮን ማግነስ ካርልሰንን ገጠመ። ኖርዌይ ውስጥ፣ በካርልሰን ደጃፍ። 13.5 ለ2.5 አሸነፈው።

ዌስሊ ጥፋተኛ ነው? በአገሩ እንደዚያ ያሉ ነበሩ። ኩያ ራሱ መጀመሪያ ተናዶ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ሳወራው ግን ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "እኔስ እዚህ ምን እሠራለሁ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለታችንም ዶሃ ነበርን። እኔ ጥፋተኛ አልለውም። ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ እንጀራውን የሚያገኝበትን ቦታ መረጠ።

ሁሉም አልሄደም፣ የሄደም ሁሉ ባንዲራ አልቀየረም። ጁሊዮ ካታሊኖ ሳዶራ በቼዝ ስኮላርሺፕ ቴክሳስ ተማረ፣ ኑሮው እዚያ ሆነ፤ ጨዋታው ግን ለፊሊፒንስ ነው።

እና ባኩን ልንገራችሁ። ለእኔ ከሁሉም በላይ ይህች ናት።

መስከረም 2016፣ የባኩ ኦሊምፒያድ። ሳዶራ አንደኛ ቦርድ ላይ ከዓለም ሻምፒዮኑ ከካርልሰን ጋር አቻ ወጣ። ጃኔል ሜይ ፍሬይና የምትባል ወጣት እዚያው ባኩ ላይ የጎደላትን አሟልታ የአገሯ የመጀመሪያዋ የሴቶች ግራንድማስተር ሆነች። ሴት ልጆች፣ ሰምታችኋል? የመጀመሪያዋ!

ሦስተኛ ቦርድ ላይ ማን ተቀመጠ? ዩጂን ቶሬ። 64 ዓመቱ። ጡረታ የወጣ አያት ዕድሜ። 23ኛ ኦሊምፒያዱ ነው፣ ይህን ያህል የተጫወተ ሌላ ሰው አልነበረም። 11 ጨዋታ ተጫወተ። 9 አሸነፈ፣ 2 አቻ። አሁንም አልተሸነፈም። ኒስ ላይ በ22 ዓመቱ አልተሸነፈም፣ ባኩ ላይ በ64 ዓመቱ አልተሸነፈም።

የሦስተኛ ቦርድ የነሐስ ሜዳሊያ ለቶሬ ሆነ። የሦስተኛ ቦርድ ወርቅስ? ለዌስሊ ሶ። ለአሜሪካ ተጫውቶ። አሜሪካም ከ1976 በኋላ የመጀመሪያውን የቡድን ወርቅ ወሰደች። ሁለት የአንድ አገር ልጆች፣ በአንድ ቦርድ፣ ሜዳሊያ ላይ። ባንዲራው ግን ሁለት ነው። ኩያ ፎቶውን በስልኩ አሳይቶኝ ማልቀሱን አልረሳም። በደስታም ነበር፣ በሌላም።

ሦስተኛው ነገር። የእኛ።

አገራችን እስካሁን አንድም ግራንድማስተር የላትም። እኔ ግን ዛሬ የምፈራው ይህን አይደለም። ልጁ አንድ ቀን ይመጣል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ልትኖር ትችላለች። የምፈራው ከመጣ በኋላ ያለውን ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ለአንድ ውድድር አልፌ ወደ ሌላ ከተማ ሄድኩ። የትራንስፖርት ገንዘብ እዚያ ስትደርሱ ይመለስላችኋል ተባልን። አባቴ ከጎረቤት ተበድሮ ሰጠኝ። ሦስት ሆነን አንድ አልጋ ላይ ተኛን። ራት ሻይ በዳቦ ነበር። አራተኛ ወጣሁ። ገንዘቡ አልተመለሰም። "በሚቀጥለው ሳምንት" ተባልኩ፣ ደግሞ "በሚቀጥለው ወር"። አባቴ ብድሩን ከፍሎ እንደጨረሰ "ልጄ፣ ይህ ነገር ይብቃን" አለኝ። አልተቆጣም። በጣም ለስለስ ብሎ ነው ያለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ጠጠር አልነካሁም። ዶሃ ኮሪደር ላይ ኩያ ተቀመጥ እስካለኝ ድረስ።

አባቴ ተሳስቷል? አልተሳሳተም። ቤት አለበት። እህቶቼ አሉ። ከአባቴ ጎን የሚቆም ሌላ ሰው ነበር የጎደለው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ግራንድማስተር እንዲሆን አልጠይቃችሁም። ሁለት ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ሲሸነፍ "ቼዝ ጊዜህን በላው" አትበሉት። ሴት ልጃችሁ አሥራ አራት ሲሞላት ከቼዝ አታስቀሯት። በዚህ ክለብ 42 ልጆች አሉ፤ ሴቶቹ 9 ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት 15 ነበሩ። የት ሄዱ? እኔ አውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ። ወንድሟ ቅዳሜ ሲጫወት እሷ ልብስ ታጥባለች።

ሱቅ ያላችሁ፣ ድርጅት ያላችሁ፣ እናንተ ደግሞ ዋንጫ ለመግዛት ትሽቀዳደማላችሁ። እግዚአብሔር ያክብርልን። ዋንጫ ግን ሞልቶናል! የአሰልጣኙን የታክሲ ገንዘብ የሚከፍል ነው የጠፋው። የዋንጫውን ዋጋ ለዚያ ስጡን።

ኩያ አሁን አገሩ ገብቷል። ደህና ነው። ባለፈው ወር ደውዬለት ነበር። ዳንኤል ኩዊዞን የሚባል ልጅ በ2024 ቡዳፔስት ኦሊምፒያድ ላይ ግራንድማስተር ሆኗል፤ ስለሱ ሲያወራ ድምፁ ይወጣል። የራሱ ልጅ የሆነ ያህል። ልጁ ከካቪቴ ነው፣ ከዌስሊ አካባቢ። "አሁን ይህን እንያዘው" አለኝ ኩያ። ደጋግሞ አለኝ። አሁን ይህን እንያዘው።

ካምፑን ስንለቅ ካርቶኑ ተጣለ። ዳዶውን ግን ሰጥቶኛል። ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው። ልጆች፣ ከፈለጋችሁ በኋላ ኑና እዩት።

ከበሩ በስተቀኝ ጠረጴዛ አለ፣ ላዩ ላይ ደብተር ተቀምጧል። በክረምቱ ውድድር ሦስት ልጆች ወደ ሐዋሳ እንልካለን፤ ሁለት ሴት፣ አንድ ወንድ። የአውቶቡስ፣ የአልጋና የምግብ ነው የሚያስፈልገን። በቅድሚያ ነው የምንሰጣቸው፣ ከጉዞው በፊት፣ በእጃቸው። ስትወጡ ስማችሁንና የምትችሉትን ጻፉልን። ሃምሳ ብርም ይጻፋል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ልጆች፣ እጅ ተጨባበጡ። ጥቁር የያዛችሁ፣ ሰዓቱን አስጀምሩ።